መብራቱ ጠፍቶ መኪናው ከኢሚሽን የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ የሚኖር ሐበሻ መኪናው እያረጀ ሲሄድ ከሚያሳስቡት ነገሮች አንዱ በየሁለት ዓመቱ የሚመጣው የኢሚሽን፣ ማለትም የጭስ ልቀት ምርመራ ነው። ጎማ ሲያልቅ ይታያል፣ ፍሬን ሲያልቅ ይጮኻል። ኢሚሽን ሲሆን ግን ምኑ እንደተበላሸ ዓይንም ጆሮም አይነግርም፤ ያኔ ምክሩ ይጎርፋል። አንዱ "ባትሪውን ነቅለህ መልሰው፣ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የቼክ ኢንጂን መብራት ይጠፋል" ይላል። ሌላው ታንከር ውስጥ የሚጨመር ፈሳሽ ያዛል። ሦስተኛው "የሚያሳልፍልህ ልጅ አውቃለሁ" ብሎ ስልክ ይሰጣል።

በተለይ የመጀመሪያው ምክር ሊያልፍ የነበረን መኪና ሳይቀር ያስመልሳል። ምክንያቱን ለመረዳት ምርመራው ምኑን እንደሚመረምር ማወቅ ይበቃል። ብዙ ሰው ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ የሚለካ ይመስለዋል። እዚህ አካባቢ በሚፈተኑት በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ላይ ጭሱን የሚነካው የለም።

ጠያቂው ማሽን፣ መላሹ የመኪናው ኮምፒውተር

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ ኦቢዲ ሁለት የሚባል የራስ ምርመራ ሥርዓት እንዲኖረው ግዴታ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከመሪው በታች፣ ሾፌሩ ሲቀመጥ ከጉልበቱ አጠገብ፣ 16 ፒን ያለው ሶኬት አለ። መርማሪው ገመዱን እዚያ ላይ ይሰካና የመኪናውን ኮምፒውተር ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ጥቂት ናቸው፦ የቼክ ኢንጂን መብራት እንዲበራ አዘሃል ወይ? አዘህ ከሆነ በየትኛው የብልሽት ኮድ? ራስህን መርምረህ ጨርሰሃል ወይ? ከዚህ በተጨማሪ አምፖሉ ራሱ እንደሚሠራ ይታያል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ መብራቱ መብራት አለበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለበት። መብራቱን እንዳይታይ አምፖሉን ያወጣ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ካርቡራተር ላላቸው መኪኖች ነገሩ ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበትና ጥቁር ጭስ ያጨሳል። ጎበዝ መካኒክ ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ በካቻቢቴ ትንሽ አዙሮ ያስተካክለው ነበር። ያ ሙያ ትልቅ ሙያ ነው፤ ኦቢዲ ባለው መኪና ላይ ግን ለኢሚሽን የሚፈይደው ነገር የለም። የቤንዚንና የአየሩን መጠን ኮምፒውተሩ ራሱ በየሰከንዱ ብዙ ጊዜ ያስተካክላል፣ ማስተካከል ሲያቅተው ደግሞ ኮድ ይመዘግባል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ይህ ምርመራ የሚመለከተው ሰሜኑን ክፍል ብቻ ነው፦ አርሊንግተን፣ ፌርፋክስ፣ ላውደን፣ ፕሪንስ ዊልያምና ስታፎርድ ካውንቲዎችን፣ እንዲሁም አሌክሳንድሪያን፣ ፎልስ ቸርችን፣ ማናሰስን የመሳሰሉትን በመካከላቸው ያሉ ከተሞች። በየዓመቱ ከሚደረገው የሴፍቲ ምርመራ ጋር መቀላቀል የለበትም፤ ያኛው ፍሬንን፣ መብራትን፣ ጎማን ነው የሚያየው። ሴፍቲ አለፈ ማለት ኢሚሽን አለፈ ማለት አይደለም። ኢሚሽን ያላለፈ መኪና ደግሞ ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮው) ሬጂስትሬሽኑን አያድስለትም። ሞዴሉ 25 ዓመት የሞላው መኪና በቨርጂኒያ ከኢሚሽን ነፃ ነው። እንግዲህ የሚጨነቀው ከዚያ በታች ያለው፣ ማለትም አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገለው፣ ኮምፒውተሩ ሁሉን የሚመዘግብ፣ አካሉ ግን የደከመው መኪና ነው።

ባዶው ማህደር

አሁን ወደ ባትሪው እንመለስ። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚመረምረው በክፍል በክፍል ነው። ሦስቱን ምርመራዎች ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ያለማቋረጥ ያካሂዳል፦ ሞተሩ ይዘላል ወይ (በአንዱ ሲሊንደር ቤንዚኑ ሳይቃጠል ይቀራል ወይ)፣ የነዳጁ ድብልቅ ትክክል ነው ወይ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ ይመልሳሉ ወይ። ሌሎቹ ግን ሁኔታው ሲመቻች ብቻ የሚካሄዱ ናቸው፦ የካታሊቲክ ኮንቨርተሩ (መርዛማውን ጭስ የሚያጣራው ዕቃ)፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹና ማሞቂያቸው፣ የቤንዚን ትነት መያዣው፣ በአንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ሞተር የሚመልሰው ኢጂአር። እያንዳንዱ ምርመራ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ "ተጠናቋል" ብሎ ይመዘግባል። በእንግሊዝኛው ሬዲ የሚሉት ይህንን ነው።

ባትሪው ሲነቀል ወይም ኮዱ በኮድ ማንበቢያ ስካነር ሲጠፋ መብራቱ ይጠፋል። አብሮት ግን ይህ መዝገብ በሙሉ ይጠፋል። መኪናው በማግስቱ ለምርመራ ሲቀርብ ባዶ የፈተና ወረቀት እንደሚያስረክብ ተማሪ ነው፤ ስህተት አልጻፈም፣ ግን መልስም አልጻፈም። ማሽኑ "አልተዘጋጀም" ብሎ ይመልሰዋል። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ መመለሱ የሚያናድዳቸውና ከመርማሪው ጋር የሚከራከሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። መርማሪው የፈጠረው ነገር የለም፣ ውሳኔውን የሚሰጠው ማሽኑ ነው።

ቁጥሩን ማወቅ ይጠቅማል። በፌደራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ መመሪያ መሠረት ከ1996 እስከ 2000 ሞዴል ያለ መኪና ሁለት ምርመራዎች ሳይጠናቀቁለት ሊፈተን ይችላል። ከ2001 ወዲህ የተሠራ ግን አንድ ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ቨርጂኒያም የምትሄደው በዚሁ ነው። ስለዚህ የእናንተ መኪና የ2006 ከሆነ ከአንዱ በቀር ሁሉም መጠናቀቅ አለባቸው። በብዙ ግዛት ደግሞ በካታሊቲክ ኮንቨርተር ኮድ የወደቀ መኪና ተጠግኖ ሲመለስ ያልተጠናቀቀው አንዱ ምርመራ ያው የካታሊቲኩ መሆን አይችልም። አለበለዚያ ኮዱን አጥፍቶ መምጣት ጥገና ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ባትሪው ለክፉ ሳይታሰብ የሚነቀልበት ጊዜም አለ። ክረምት ላይ ባትሪ ሞቶ ሲቀየር፣ ዳይናሞ ሲታደስ፣ አንዳንዴ ሬድዮ ሲገጠም። ምርመራችሁ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ባትሪ ከቀየራችሁ፣ መኪናው ጤነኛ ቢሆንም ያን መዝገብ እንደገና መሙላት አለበት።

የሚሞላው በመንዳት ነው፣ ግን የትኛውም መንዳት አይደለም። በከተማ ውስጥ አምስት ደቂቃ ሄዶ ገበያ፣ አምስት ደቂቃ ሄዶ ቤተ ክርስቲያን የሚመላለስ መኪና ወር ሙሉ ተነድቶ ላያጠናቅቅ ይችላል። ከመኪና መኪና ዝርዝሩ ቢለያይም አካሄዱ ይመሳሰላል። መኪናው ሌሊቱን ሙሉ፣ ስምንት ሰዓት ያህል ሳይነሳ ይደር፤ ብዙዎቹ ምርመራዎች ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ እንዲነሳ ይፈልጋሉ። ጠዋት አስነስታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ እንደቆመ ተዉት። ከዚያ ትራፊክ መብራት ባለበት መንገድ እየቆማችሁ እየተነሳችሁ አሥር ደቂቃ ያህል ንዱ። ቀጥሎ ሃይዌይ ውጡና በሰዓት 55 ማይል ገደማ፣ ቤንዚኑን ሳታበዙ ሳትቀንሱ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከመውጫው በፊት ከኋላ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ እግራችሁን ከቤንዚን መስጫው አንሱና ፍሬን ሳትይዙ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ ተዉት። በሥራ ቀን አይ 66 ሃይዌይ ላይ ይህን ማድረግ የሚታሰብ አይደለም፤ እሑድ ማለዳ፣ ከቅዳሴ በፊት ወይም ከቅዳሴ በኋላ እንደየቤቱ፣ መንገዱ ይበቃል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ብዙ መኪኖች ይሞላሉ።

መሙላቱን በግምት ሳይሆን በዓይን ማየት ይቻላል። ሶኬቱ ላይ ተሰክቶ በብሉቱዝ ስልክ ላይ የሚያሳይ ስካነር ሃያ ሠላሳ ዶላር ነው። አሮጌ መኪና ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ መደብሮችም ኮድ በነፃ ያነባሉ። ብዙ የሆንዳ መኪኖች ደግሞ ያለ ስካነርም ይናገራሉ፦ ቁልፉን ሞተሩን ሳታስነሱ ክፈቱት፤ የቼክ ኢንጂን መብራት 20 ሰከንድ ያህል በርቶ ዝም ብሎ ከጠፋ መዝገቡ ሞልቷል። አምስት ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ አልሞላም፤ ወደ ምርመራ አትሂዱ።

መብራቱ ሲበራ የሚነገረው ነገር

መዝገቡ ሞልቶ መብራቱ ከበራ ችግሩ እውነተኛ ነው፣ ኮዱም ተጽፏል። ኮዱ ግን የሚናገረው ኮምፒውተሩ የታዘበውን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ ስም አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህን ባለመለየት ነው፤ "የኦክስጅን ሴንሰር ኮድ ነው" ተብሎ ሴንሰር ይቀየራል፣ ከሳምንት በኋላ ያው መብራት ይበራል።

አሮጌ ቶዮታና ሆንዳ ላይ በጣም የሚታወቀው ፒ0420 ነው። ትርጉሙ "ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ በቂ ሥራ እየሠራ አይደለም" ማለት ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ከሞተሩ ቀጥሎ ባለው የጭስ ቧንቧ ላይ የተገጠመ፣ በውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ ያለው ዕቃ ነው። ሸክላው በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባ ነው። ጭሱ በእነዚህ ብረቶች ላይ ሲያልፍ መርዛማው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ወደ ተራ ናይትሮጅን ይለወጣሉ። ይህ የሚሆነው ዕቃው ሲግል፣ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ፣ እና ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ሲደርስ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ ዕረፍት የሚያሳድደው ይህን ልኬት ነው።

ኮንቨርተሩ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው በሁለት ሴንሰሮች ነው፤ አንዱ ከፊቱ፣ አንዱ ከኋላው። በብዙ አሮጌ መኪና የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ባለው መካከል ሳያቋርጥ ይዋዥቃል። ጤነኛ ኮንቨርተር ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚያስቀርና ስለሚለቅ የኋለኛው ንባብ እርጋታ ያለው ነው። የኋለኛው ከፊተኛው ጋር እኩል መዋዠቅ ከጀመረ ኮምፒውተሩ "መሐል ያለው ዕቃ ሞቷል" ብሎ ይደመድምና ፒ0420ን ይጽፋል።

ድምዳሜው ብዙ ጊዜ ልክ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የጭስ ቧንቧው ከሴንሰሩ አጠገብ ተሰንጥቆ ከውጭ አየር ከሳበ ንባቡ ይዛባል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ስንጥቅ ይፈለግ፤ ክረምት መንገድ ላይ በሚበተን ጨው የተበላ ቧንቧ እዚህ አገር ብርቅ አይደለም። ዕቃው በእውነት ከሞተም የሚቀጥለው ጥያቄ "ምን ገደለው?" ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር በዕድሜ ብቻ እምብዛም አይሞትም፣ ሌላ ነገር ነው የሚገድለው። ከገዳዮቹ አንዱ ዘይት ነው። ሞተሩ ዘይት ሲበላ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ ከጭሱ ጋር ሄዶ የከበሩትን ብረቶች ይሸፍናቸዋል። ከ2007 እስከ 2009 የተሠራው ባለ 2.4 ሊትር ካምሪ በዘይት መብላት የታወቀ ነው፤ ቶዮታ ራሱ ችግሩን አምኖ የፒስተን ቀለበት ዋስትናውን አራዝሞ ነበር፣ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል እንጂ። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ አዲስ ኮንቨርተር መግጠም ገንዘብን በጭስ ቧንቧ ማስወጣት ነው። ሌላው ገዳይ ካንዴላ ወይም ኮይል ተበላሽቶ ሞተሩ ሲዘል ነው፦ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ይቃጠልና ሸክላውን ያቀልጠዋል። መብራቱ ዝም ብሎ መብራቱን ትቶ ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ እያለ ያለው ይህንን ነው። ያን ጊዜ መኪናውን ዳር አስይዙ፤ የሠላሳ ዶላር ካንዴላ ችላ ተብሎ የሺህ ዶላር ዕቃ ይሄዳል።

ዋጋው ላይ የሚታየው ልዩነት ሰውን ግራ ያጋባል። የፋብሪካው ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሲጠየቅበት ሌላ አምራች የሠራው በጥቂት መቶ ዶላር ይገኛል። ርካሹ የከበረ ብረቱ ትንሽ ስለሆነ ነው ርካሽ የሆነው። በፌደራል ደንብ አዲስ ተተኪ ኮንቨርተር ለ25,000 ማይል እንዲሠራ ዋስትና ይሰጥበታል፤ የመኪናው ኦሪጅናል ግን 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ዋስትና ያለው ዕቃ ነበር። መኪናውን ሌላ ሁለት ዓመት ለማቆየት ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ርካሹ ሊበቃ ይችላል፣ ደረሰኙን ግን አትጣሉ። ኡበርና ታክሲ ለሚሠሩ የፕሪየስ ባለቤቶች ደግሞ የተለየ ጣጣ አለ። ከ2004 እስከ 2009 ያለው ፕሪየስ ኮንቨርተሩ የከበረ ብረት ስለሚበዛበት የሌቦች ዋና ዒላማ ነው። ከተሰረቀ በኋላ በርካሽ የተተካለት መኪና ብዙ ሳይቆይ ፒ0420 ሲያበራ ይገኛል። ኢንሹራንሳችሁ ስርቆትን የሚሸፍን ከሆነ ዕቃው ሲተካ የፋብሪካው እንዲሆን ተከራከሩ።

ሁለተኛው ሰፊ ቤተሰብ የቤንዚን ትነት ነው፦ ፒ0442፣ ፒ0455፣ ፒ0456 እና ዘመዶቻቸው። ቤንዚን በታንከር ውስጥ ሳለ ይተናል፤ ትነቱ አየር ውስጥ ገብቶ በፀሐይ ኦዞን እንዳይሆን ከሰል ያለበት ዕቃ ውስጥ ይጠራቀምና ሞተሩ ሲሠራ ይቃጠላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሥርዓት ዘግቶ ይፈትነዋል፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ክፍተት እንኳ ይታወቀዋል። ደግነቱ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የቤንዚን ክዳኑ ነው። ላስቲኩ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ፣ አዲስ ክዳን አሥራ አምስት ሃያ ዶላር ነው። ክዳን ካልሆነ ቫልቮቹ ይፈተሻሉ፤ ለዚህ ቧንቧው ውስጥ ጭስ እየነፋ የሚያፈስበትን የሚያሳይ ማሽን ያለው መካኒክ ያስፈልጋል፣ በግምት ዕቃ የሚቀያይር አይደለም። አንድ ልማድም እዚህ ጋ ይነሳ፦ ማደያ ላይ ቀጂው ጠቅ ብሎ ካቆመ በኋላ "ዋጋውን ላሞላው" እያሉ መጨመር ቤንዚኑን ወደ ከሰሉ ያስገባዋል። ከሰሉ አንዴ ከራሰ ጥገናው ውድ ነው።

የትነቱ ምርመራ ከሁሉ ዘግይቶ የሚጠናቀቅ ነው። ታንከሩ ከሞላም፣ ባዶ ከሆነም አይካሄድም፤ ብዙ መኪኖች ከ15 እስከ 85 በመቶ ባለው መካከል እንዲሆን ይጠብቃሉ። ከ2001 ወዲህ ለተሠሩ መኪኖች የምትፈቀደው አንዷ ዕድል የምትጠቅመው እዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ተጠናቅቆ ትነቱ ብቻ ከቀረ፣ የወደቃችሁትም በትነት ኮድ ካልሆነ፣ ሳትጠብቁ ሂዱ።

የቀሩትን በአጭሩ። ፒ0171 አየር በዝቷል ማለት ነው፤ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ወይም የቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፣ ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል። ፒ0128 ሞተሩ በቶሎ አይሞቅም ማለት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። ይህ ኮድ ቀላል ቢመስልም ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ሌሎቹ ምርመራዎች እንዳይጠናቀቁ ያደርጋል። ስለዚህ ከሌሎቹ በፊት ይጠገን።

የሚያሳልፍ ልጅ

የምርመራውን ገመድ በሌላ ጤነኛ መኪና ሶኬት ላይ ሰክቶ ማሳለፍ በፊት ይሠራ ነበር ይባላል። አሁን ግን ከ2005 ገደማ ወዲህ ያሉ መኪኖች ኮምፒውተር የሻሲ ቁጥሩን ራሱ ይናገራል፣ ማሽኑ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል። ይህን የሚሠሩ ሰዎች በተለያዩ ግዛቶች ተከሰዋል። የኋለኛውን ሴንሰር ከጭሱ የሚያርቀው ቁራጭ ቱቦም እንደዚያው ነው፤ የልቀት መቆጣጠሪያን ማዛባት በፌደራሉ የንጹሕ አየር ሕግ ክልክል ነው፣ ቅጣቱም ለሱቁ ብቻ ሳይሆን ለባለቤቱም ሊደርስ ይችላል። ታንከር ውስጥ የሚጨመረው ፈሳሽ ሕገወጥ አይደለም። የቆሸሸ የቤንዚን መርጫን ሊያጸዳ ይችላል፣ የሞተ ኮንቨርተርን ግን አያስነሳም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቃል ኪዳን አትመኑ። ኮድ አጥፍቶ መሮጥም እየከበደ ሄዷል፦ ከ2010 ሞዴል ወዲህ ያሉ መኪኖች ስካነር የማያጠፋው ቋሚ ኮድ ይይዛሉ። ይህ ኮድ የሚለቀው ኮምፒውተሩ ራሱ ጥገናውን ሲያረጋግጥ ነው።

ከወደቃችሁ በኋላ

ቨርጂኒያ ውስጥ የወደቀ መኪና በ14 ቀን ውስጥ ወደዚያው ጣቢያ ከተመለሰ አንድ ጊዜ በነፃ ይፈተናል። ጊዜው በቂ ይመስላል፤ ነገር ግን ጥገናው አንድ ሳምንት ከወሰደ መዝገቡን ለመሙላት የሚቀረው ጥቂት ቀን ነው። መኪናው ከጋራዥ እንደወጣ ወደ ጣቢያው አትውሰዱት፣ መጀመሪያ ሃይዌዩን አሳዩት። ለዚህም ሲባል ሬጂስትሬሽኑ ሊያልፍ አንድ ሳምንት ሲቀረው ከመፈተን ሁለት ወር ቀድሞ መፈተን ይሻላል። ውጤቱ በኤሌክትሮኒክስ ዲኤምቪ ይደርሳል።

ጥገናው አልሳካ ካለ ዌቨር የሚባል መንገድ አለ። በግዛቱ ዕውቅና ባለው የኢሚሽን ጠጋኝ ዘንድ ለልቀት ጥገና የተወሰነ ገንዘብ አውጥታችሁ መኪናው አሁንም ካላለፈ ለአንድ ዙር ሊፈቀድላችሁ ይችላል። መጠኑ ከኑሮ ውድነት ጋር በየዓመቱ ይስተካከላል፤ በቅርብ ዓመታት ወደ 1,000 ዶላር ገደማ ደርሷል። ልብ በሉ፦ ዕውቅና የሌለው የሰፈር ጋራዥ፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ የቆረጠው ደረሰኝ ለዚህ አይቆጠርም። ኮንቨርተሩ ተቆርጦ የወጣ መኪናም ዌቨር አይሰጠውም። መኪናው ላይ ብዙ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት "እናንተ ዕውቅና አላችሁ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደንቡ ይጠብቅባችኋል፣ እርዳታውም ይሰፋላችኋል። እዚያ ከ1976 እስከ 1999 ያለ የቤንዚን መኪና እስካሁን በጭሱ ነው የሚፈተነው፦ በብዙ ከተሞች መኪናው ተሽከርካሪ በርሜሎች ላይ ይወጣና እየተነዳ ይለካል። "ሞቅ አድርገህ ውሰደው" የሚለው የድሮ ምክር የሚሠራው ለእነዚህ ነው፤ ኮንቨርተሩ ካልጋለ አይሠራምና ሃያ ደቂቃ ነድቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ መግባት ልዩነት ያመጣል። የ2000 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያለው በኮምፒውተሩ ይፈተናል፣ ሳይጠናቀቅ የሚታለፍለትም ትነቱ ብቻ ነው። ገቢያቸው ዝቅ ላሉ ሰዎች ግዛቱ የ1996ና ከዚያ ወዲህ ያለ መኪና ጥገናን እስከ 1,450 ዶላር ድረስ የሚረዳበት ፕሮግራም አለው፣ መኪናውን ተቀብሎ የሚያስወግድበትም እንዲሁ። ማመልከቻው ከጥገናው በፊት መግባት አለበት፤ አስጠግኖ ደረሰኝ ይዞ የሚሄድ ሰው አይከፈለውም።

አሮጌ መኪና ከሰው ልትገዙ ስትሄዱ ያችን ትንሽ ስካነር ኪስ ውስጥ ያዙ። ሻጩ "መብራት የለበትም፣ እዩት" ሲል ሶኬቱ ላይ ሰክታችሁ የተጠናቀቁትን ምርመራዎች ቁጠሩ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ባሉ ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮዱ ከጠፋ ወዲህ ስንት ማይል እንደተነዳ የሚያሳይ መስመር አለ። ምርመራዎቹ ባዶ ሆነው ያ መስመር አሥር ወይም ሃያ ማይል ብቻ ካሳየ፣ መኪናው ኢሚሽን አልፎ እስኪመጣ ድረስ ገንዘባችሁን አታውጡ።